የሰዓት ጠጋኙ መኪና

አንድ ሰዓት ጠጋኝ ነበረ።

ቆይ፣ አታቋርጠኝ። ጥያቄህን ሰምቻለሁ፤ ከፋሲካ ወዲህ ስትጠይቀኝ ይህ ሦስተኛህ ነው። ዘርጋው የእህትህ ባል ነው። የእድራችንን ድንኳን ሸጦ በላ ብለህ በስብሰባ መካከል ሌባ አልከው። ድንኳኑ ግን ለታችኛው ሰፈር እድር በውሰት ተሰጥቶ ኖሮ በሳምንቱ ተመለሰ። ከዚያ በግ አረድክ፣ በሽማግሌ ፊት ይቅርታ ጠየቅህ፣ እሱም «ይቅር ለእግዜር» አለህ። አሁን ደግሞ «አባ፣ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? ለምን ፊቱን ያዞርብኛል?» እያልክ ታደርቀኛለህ። መልሱን ታገኘዋለህ። መጀመሪያ ግን አፍህን ሰብስበህ ሰዓት ጠጋኙን ስማ።

ይህ ሰው ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያስቆም ሱቅ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጦ ሠርቷል። ሱቁ የራሱ አልነበረም፤ ኪራይ ነው። አንድ ልማድ ነበረው። የሰው ሰዓት ከፍቶ በጠገነ ቁጥር የጀርባ ክዳኑን ከውስጥ በኩል በመርፌ ጫፍ ይጭረዋል፤ ቀኑንና የነካውን ነገር ይጽፍበታል። ባለሰዓቱ አያየውም። የሚያየው ወደፊት ሰዓቱን የሚከፍተው ሌላ ጠጋኝ ብቻ ነው። «ማን ሊያነበው ነው ዓይንህን የምታጠፋው?» ሲሉት «ከእኔ በኋላ የሚከፍተው ሰው ምን እንደተነካ ማወቅ አለበት» ይላል። ግትር ነው ይሉታል። እውነታቸውን ነው፤ ግትር ነበር።

አንዲት ነጭ መኪና ነበረችው። ዘጠኝ ዓመት ሲይዛት ጭረት አላስነካትም። ልጆቹ በሯን ጠበቅ አድርገው ከዘጉ «የሰው ቤት በር ነው እንዴ!» ብሎ ይቆጣ ነበር። የመኪና ደላሎች ገላዋን በጣታቸው እያንኳኩ ዞረው ዞረው «ቀለሟ እንኳ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው» ብለው ይሄዱ ነበር። እሱም ይህን ሲሰማ ልጁን ያመሰገኑለት ያህል ደስ ይለዋል።

አንድ ቀን የሱቁ ባለቤት፣ አንዲት አሮጊት፣ መጥተው «ልጄ፣ ሱቁን ልሸጠው ነው። ቅድሚያ ላንተ፤ እስከ መስቀል እጠብቅሃለሁ። ከዚያ ወዲያ ለሥጋ ቤቱ ሰውዬ ነው» አሉት። ሰዓት ጠጋኙ ሌሊቱን ከሚስቱ ጋር ተማከረና መኪናዋን ለመሸጥ ቆረጠ። ገዢ ወዲያው ተገኘ። አንድ ነጋዴ አያት፣ ነዳት፣ ዋጋ ቆረጡ። የተቆረጠው ዋጋ ከሱቁ ዋጋ ጋር ልክ ነበር፤ አንድም አይተርፍ፣ አንድም አይጎድል። «ሰኞ ገንዘቡን ይዤ እመጣለሁ» ብሎት ተለያዩ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መኪናዋ ከሱቁ ፊት ለፊት ቆማለች። አንድ የብረታ ብረት ነጋዴ፣ ሰፈሩ የሚያከብረው ባለጸጋ፣ የትልቅ መኪናውን መሪ በአንድ እጁ፣ ስልኩን በሌላው እጁ ይዞ ወደ ኋላ ሲል ገጫት። ሁለቱ የግራ በሮች ወደ ውስጥ ገቡ፣ በመካከላቸው ያለው ምሰሶም ታጠፈ። ሰዓት ጠጋኙ ማጉያ መስታወቱን ከዓይኑ ሳያወልቅ ሮጦ ወጣ፤ በአንድ ዓይኑ ጉዳቱ እጥፍ ሆኖ ታየው።

እውነቱን ልንገርህ፤ ባለጸጋው ክፉ ሰው አልነበረም። እንደ አንዳንዱ «ማን እዚህ አቁም አለህ?» አላለም። ወርዶ ባርኔጣውን አወለቀና «ጥፋቱ የእኔ ነው። አይዞህ፤ እኔ እያለሁ አንድ ነገር አይጎድልብህም» አለ። የተሰበሰበው ሰው «እንዲህ ነው እንጂ ሰው!» አለ። ትራፊክ ፖሊስ እንኳ አላስፈለገም። መኪናዋን በከተማው አንደኛ ወደተባለው ጋራዥ አስወሰዳት፤ ተቀጠቀጠች፣ ተወጠረች፣ ስርጉዷ ስቱኮ በሚሉት ልስን ተሞላ፣ ቀለም ተረጨች። በሦስተኛው ሳምንት ታጥባ፣ ወንበሯ ላይ ሽቶ ነገር ተነፍቶባት ተመለሰች። ባለጸጋው ራሱ ቁልፉን ይዞ መጥቶ «እነሆ፣ ከበፊቱም አማረች» አለው። ሰዓት ጠጋኙ ሁለቴ ጎንበስ ብሎ አመሰገነው። እስኪ አንተ ብትሆን አታመሰግንም?

ሰኞ እመጣለሁ ብሎ ሳይመቸው የከረመው ያ ገዢ ነጋዴ በማግስቱ መጣ። መኪናዋን ዞሮ ሲያይ ሰዓት ጠጋኙ «ተገጭታ ነበር፤ በደንብ ተሠርታለች» ብሎ ነገረው። ሳይጠየቅ ነው የነገረው። ሚስቱ በኋላ ይህን ስትሰማ «ምላስህን ምን አስቸኮለው?» ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችው። ነጋዴው እጁን ከበሩ ላይ እንደ ትኩስ ምጣድ አነሳ። ከዚያ ከተቆረጠው ዋጋ ላይ ከአምስት እጅ አንዱን ቀነሰ። «ያው መኪና ናት እኮ!» ቢለው «ያቺ ያልተነካች ነበረች፤ ይቺ የተነካች ናት» አለና ሄደ። ሁለተኛ ገዢ መጣ፣ እሱም እንዲሁ። ሦስተኛው ጭራሽ ባሰ። ከአምስት እጅ አንዱ የጎደለ ገንዘብ ደግሞ ሱቅ አይገዛም። አሮጊቷ ደግ ናቸው፤ ግን ሱቃቸውን በእንባ አይሸጡም።

ሰዓት ጠጋኙ ወደ ባለጸጋው ሄደ። በአክብሮት ነው የሄደው። «ጋሼ፣ ሠርተው መልሰውልኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ዋጋዋ ወርዷል። ሱቁን ላጣው ነው። የወረደውን ይሙሉልኝ» አለ።

ባለጸጋው መጀመሪያ ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው። ቀልድ እንዳልሆነ ሲገባው ፊቱ ጠቆረ። «በር ሰበርኩ፣ በር መለስኩ። ቀለም ላጥኩ፣ ቀለም ቀባሁ። ዋጋ የሚባለው ነገር የት ቦታዋ ላይ ነው ያለው? አሳየኝና ላስጠግንልህ!» አለው።

«ዋጋው መኪናዋ ላይ አይደለም፤ የሚገዛት ሰው ልብ ውስጥ ነው።»

«እንግዲያው የሰው ልብ ጠጋኝ ፈልግ! ከኢንሹራንሴ ጋር ተነጋገር፤ እኔ ጨርሻለሁ።»

ከዚህ በኋላ የደረሰበትን ባልነግርህ ደስ ይለኝ ነበር፤ እኔን ራሴን ያናድደኛልና። ኢንሹራንስ ቤት ሄደ። ሦስት ጠረጴዛ አዞሩት። በመጨረሻ አንዱ ጸሐፊ «የተሰበረ በር ካለ እንተካለን። የወረደ ዋጋ የሚሞላበት ቅጽ የለንም» አለው። «ቅጽ ስለሌለ ነው ወይስ ጉዳት ስለሌለ?» ቢለው «ከጋራዡ የጉዳት ማስረጃ አምጣ» አሉት። ጋራዡ ሄደ። የጋራዡ ኃላፊ ተቆጣ። «እኛ ጠግነን ጨርሰናል። ጉዳት አለ ብለን ብንጽፍ ሥራችን መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም?» ብሎ በምትኩ «ተሽከርካሪዋ ሙሉ በሙሉ ወደ ቀድሞ ይዞታዋ ተመልሳለች» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጠው። ያንን ወረቀት ይዞ ኢንሹራንሱ ዘንድ ቢመለስ «ይኸው፣ ወደ ቀድሞዋ ተመልሳለች ይላል!» ብለው ጥያቄውን ዘጉበት። አየህ? ለመክሰሻ የፈለገውን ወረቀት መከሰሻው አደረጉት። ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ቢሄድ «ያኔ ተስማምታችኋል፤ መዝገብ የለም» አሉት። እግሩ እስኪቀጥን ተመላለሰ። የተጠገኑ ሰዓቶች ሱቁ ውስጥ ባለቤት እየጠበቁ ቁጭ ብለዋል፤ እሱ ግን በየቢሮው ወንበር ላይ ቁጭ ብሏል። ማታ ማታ ቆሽቱ አርሮ ሲገባ ሚስቱ «ለሚቀጥለው ገዢ ዝም ብለህ ሽጣት። ካልነገርከው አያውቅም» ትለዋለች። ባለጸጋውም መንገድ ላይ ሲያገኘው ያንኑ ይለዋል። «አንተ ነህ አፍህ የማያርፈው። ሰው ሁሉ እንዲህ ያደርጋል፤ ዝም ብለህ ሽጥ!»

ይህችን ቃል ልብ በላት። ዝም ብሎ ቢሸጥ ጉዳቱ ይጠፋል? አይጠፋም። ምንም ያላጠፋ ሌላ ሰው ትከሻ ላይ ይወርዳል። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ሰዓት ክዳን ሲጭር የኖረ ሰው ይህን ማድረግ አልቻለም። ሞክሮ ነበር፤ እውነት ለመናገር ሞክሮ ነበር። አንድ ገዢ «ተነክታለች?» ሲለው አፉን ከፍቶ «አል…» ብሎ ጉሮሮው ላይ ቀረበት፤ ሳል አስመስሎ ተረፈ።

መስቀል አሥር ቀን ሲቀረው ነገሩን ለሽማግሌ ሰጠ። ሦስት ሽማግሌዎች ከባለጸጋው ግቢ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀመጡ። እኔም ሽማግሌ ነኝ፤ ስለ ሽማግሌ ክፉ መናገር አልወድም። ግን አንዳንዴ እኛ ሽማግሌዎች እውነቱን ከመፈለግ ይልቅ ቶሎ ተመራርቀን እራት መብላት ይቀናናል። አንደኛው «ብረት እኮ ነው፤ ብረት ወንድምን ከወንድም ያጣላል?» አለ። ሁለተኛው «ጥፋቱን አምኖ አሠርቶለታል። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል? ተወው ልጄ፣ እግዜር ከሌላ በኩል ይሰጥሃል» አለ። ሦስተኛው ጉልበቱን ያሽ ነበር። ባለጸጋውም ሰው በፊቱ ሲመሰገን እንደሚያደርገው አንገቱን ሰበር አድርጎ «እኔ ቂም የለኝም» አለ።

ቂም የለኝም! የገጨው እሱ፣ ቂም የሌለው እሱ! ሰዓት ጠጋኙ ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። ብድግ አለ። ሽማግሌዎቹ ሊሳደብ ነው ብለው ከዘራቸውን ጨበጡ። እሱ ግን እጁን ኪሱ ከተተና የመኪናዋን ቁልፍ አውጥቶ ከባለጸጋው ጉልበት ላይ አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ምንም አልወረደም ብለዋል። እንግዲያው እርስዎ ሽጡልኝ» አለው። «እኔ መሸጥ አልችልበትም፤ ምላሴ ይተበተባል። እርስዎ የገበያ ሰው ነዎት። በፊት በተቆረጠልኝ ዋጋ ከሸጧት ከዚህ በኋላ አንዲት ቃል አልተነፍስም፤ ጥፋተኛው እኔ ነኝ፣ በሽማግሌዎቹ ፊት እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ባለጸጋው ቁልፉን ብድግ አደረገ። «በአንድ ቀን!» አለ። «እኔ የያዝኩት ዕቃ ዋጋው አይወርድም። በአንድ ቀን ሸጬ ካላሳየሁህ ስሜ ስም አይደለም።»

ሦስተኛው ሽማግሌ ያን ጊዜ ብቻ ተናገረ። «ስምህን አታስይዝ፤ እሱን ቁጠብ» አለ።

በማግስቱ ባለጸጋው ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ መኪናዋን አሳጥቦ ከመኪና ገበያው ወጣ። ሰዓት ጠጋኙ ሱቁን ዘግቶ ከገበያው ማዶ ካለች ሻይ ቤት ተቀመጠ። ላይናገር ተስማምቷል፤ ማየት ግን ማን ይከለክለዋል?

የመጀመሪያው ገዢ ወጣት ሐኪም ነበር፤ አንድ የመኪና ፈታሽ ይዞ መጥቷል። ፈታሾች ምን እንደሚያደርጉ ታውቃለህ። «ተነክታለች?» አለ ሐኪሙ። ባለጸጋው ዓይኑን ሳያሽ «ኧረ በጭራሽ!» አለ። ፈታሹ ወደ መኪናዋ ተጠጋ። የጣቱን አንጓ አጥፎ ከኋላ ጀምሮ ማንኳኳት ያዘ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። በቀኝ በኩል ኳ። ፊት ኳ። ግራው በር ላይ ሲደርስ ድፍን ያለ ድምፅ ሰጠ፤ እርጥብ ጭቃ የመታ ያህል። ፈታሹ ቆመ። ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለች ማግኔት አውጥቶ በሩ ላይ ለጠፋት። ተንሸራታ ወደቀች። እንደገና ለጠፋት። እንደገና ወደቀች። «ስቱኮ ነው» አለ፤ ጮክም አላለም። ግን ገበያ ጆሮው ረጅም ነው። ደላሎች ተሰበሰቡ። ሐኪሙ ባለጸጋውን በትሕትና «አባቴ፣ አልተነካችም አሉኝ እኮ» አለው። ባለጸጋው ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። የዚያን ዕለት ሌላ ሰው አልቀረበውም። ሲያልፉ «የዚያ ውሸታም ሰውዬ መኪና ናት» ይባባሉ ነበር።

ማታውን እንቅልፍ አልወሰደውም መሰለኝ፤ በነጋታው ክራባቱን ትቶ መጣ። እውነቱን ሊናገር ቆርጧል። «ትንሽ ተነክታ ነበር፤ በጥሩ ጋራዥ ተሠርታለች» ይላል። ገዢው «ትንሽ ማለት ምን ያህል ነው?» ይላል። «በሩ ብቻ።» «በሩ ብቻ ከሆነ ምሰሶው ለምን ተቀባ?» «እሱም ትንሽ።» «ሻንሲውስ?» «ሻንሲው ምን አደረገ?» «ሞተሩስ?» በዚህን ጊዜ ባለጸጋው ጮኸ። «ሞተሩን ማን ነካው? እኔ የመታሁት በሩን ነው! ሞተር ምን አደረገ?»

ሰዓት ጠጋኙ ከማዶ ሆኖ ሰማው። የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ደስ ይለኛል ብሎ ነበር የመጣው፤ አልዋሽህም፣ ሊስቅ ነበር የመጣው። አልሳቀም። ያ ጩኸት የራሱ ጩኸት ነበር፤ በየቢሮው ሲጮኸው የከረመው። ሰው የራሱን ድምፅ ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ አይስቅም።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ገበሬ መጣ። ልጁ ከተማ ታክሲ ሊሠራ ነው፤ መኪና ፈልገዋል። ያለ ፈታሽ ነው የመጣው። ባለጸጋው ደከመውና ሁሉንም ነገረው፦ እንዴት እንደተመታች፣ ምሰሶው እንደታጠፈ፣ ምን ምን እንደተቀየረ። ገበሬው በደንብ አዳመጠና ከበፊቱ ዋጋ ከአምስት እጅ አንዱን ቀንሶ ጠራ። ልክ እንደ መጀመሪያው ነጋዴ።

«አባት፣ ጥሩ ሆና ተሠርታለች እኮ። ለምን ይህን ያህል ይቀንሳሉ?»

ገበሬው እጁን ከኋላው አጣምሮ ባለጸጋውን ቀና ብሎ አየው። «ጌታዬ፣ እርስዎ ቢሆኑ በሙሉ ዋጋ ይገዟታል?»

ባለጸጋው መኪናዋን አየ፤ በፀሐይ ታበራለች። ቁልፉን በመዳፉ ጨብጦ ገበሬውን ተሰናብቶ ሄደ።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ባለጸጋው የሰዓት ጠጋኙ ሱቅ ውስጥ ገባ። ሁለት ሰው አያስቆምም ብዬሃለሁ፤ ጎንበስ ብሎ፣ ትከሻውን አጥብቦ ደንበኛ በሚቀመጥባት በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ቁልፉን የመሥሪያ ጠረጴዛው መስታወት ላይ አደረገ። ከዚያ «እኔም ብሆን በሙሉ ዋጋ አልገዛትም» አለ። «በሦስት ቀን ውስጥ ስንቴ ሌባ እንደተባልኩ ታውቃለህ? በአፋቸው አላሉም፤ በጣታቸው እያንኳኩ ነው ያሉኝ። አንተ ወር ሙሉ ይህን ስትሸከም እኔ ቂም የለኝም እላለሁ።»

ሰዓት ጠጋኙ «ሻይ ላስመጣ?» አለ።

«ሻይ አልፈልግም። መኪናዋን እኔ ወሰድኳት። በፊት በተቆረጠው ዋጋ፣ በሙሉ። የጎደለው እኔ ዘንድ ይቅር፤ ያጎደልኩት እኔ ነኝ።»

መስቀል ሁለት ቀን ሲቀረው አሮጊቷ ሱቁን ፈረሙለት። ባለጸጋው መኪናዋን ሊወስድ ሲመጣ ሰዓት ጠጋኙ «አንድ ጊዜ» ብሎ ኮፈኑን፣ የሞተሯን ክዳን፣ ከፈተ። መርፌውን አወጣና ከኮፈኑ በታች በኩል፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ ቀኑንና የተመታውን በር ጫረ። ባለጸጋው እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «በሙሉ ዋጋ ከገዛኋት በኋላ ደግሞ ትጭራታለህ?»

«ከእርስዎ በኋላ የሚገዛት ሰው ማወቅ አለበት።»

ባለጸጋው ሊቆጣ ነበር። ከዚያ «ጠለቅ አድርገህ ጫር፤ እንዳይጠፋ» አለው።

እንግዲህ ሰዓት ጠጋኙ ይህ ነው። አሁን ወዳንተ ልምጣ፤ ወዲያ ወዲህ አትመልከት።

መኪናዋ የዘርጋው ስም ናት። አሥራ አራት ዓመት የእድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ ይዞ አንዲት ማንኪያ ያልጎደለችበት ሰው ነው፤ ገላው ላይ ጭረት አልነበረም። አንተ ወደ ኋላህ ሳታይ ገጨኸው። በጉ ጋራዥህ ነው። የእኛ ምርቃት ደግሞ ቀለሙ ነው፤ እኛም ተመራርቀን እራታችንን በላን፣ አልክድም፣ ከዚያ ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ዘርጋው ይቅር ብሎሃል፤ ከልቡ ነው ያለህ። አንተን ይቅር ያለህ ግን እሱ ነው እንጂ እሱን ገበያው ይቅር አላለውም። ባለፈው የወይዘሮ አልማዝ ለቅሶ ላይ ዘርጋው የመለሳቸውን ብርጭቆዎች ሴቶቹ ሁለት ጊዜ ሲቆጥሯቸው አላየህም? እኔ አይቻለሁ። እሱም አይቷል። ያ ነው በጣት ማንኳኳት። ዘርጋው ፊቱን ያዞረው አንተን ጠልቶ አይደለም፤ ሰው ሁሉ ሲያንኳኳው የሚሰጠውን ድምፅ ላለመስማት ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል አልሰማህም? አንተ ደግሞ ረስተህ ከመቀመጥህ አልፈህ፣ ለምን አይረሳልኝም ብለህ ትከሰዋለህ!

ምን ላድርግ አልከኝ። ገበያ ውጣ። ሌላ መንገድ የለውም። የዋሸኸው በስብሰባ መካከል ነው፤ ይቅርታ የጠየቅኸው ግን በቤትህ፣ በር ተዘግቶ፣ ሰባት ሰው ፊት ነው። የተቀሩት መቶ ሃያ አባወራዎች ስድቡን ሰምተዋል፣ ይቅርታውን አልሰሙም። እሑድ ስብሰባው ላይ ተነሥና «ዘርጋው አልሰረቀም፤ ሳላጣራ የቀጠፍኩት እኔ ነኝ» በል። የተነጠቀው ቁልፍ ይመለስለት በል። እምቢ ካሉ፣ አንዱ «እሳት በሌለበት ጭስ የለም» ብሎ ካጉረመረመ፣ ቁጭ አትበል። «ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ማንኪያ ብትጎድል እኔን ጠይቁኝ፤ ዋሱ እኔ ነኝ» በል። የወረደውን ዋጋ እንዲህ ነው የሚሞሉት። ያሸማቅቅሃል፤ አውቃለሁ። ባለጸጋውንም ሦስት ቀን አሸማቅቆታል፤ አልሞተም።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህና ተነሥ። በዚያ ስብሰባ ዘርጋውን ቁልፉን ከተቀበሉት በኋላ፣ ሌባ ላጋለጠበት ንቃቱ ብለው ለአንድ ሰው ሰጡት። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ አሁን ማን ኪስ ውስጥ ነው?

ምን አልክ? ጮክ ብለህ ተናገር፤ ጆሮዬ እንደ ድሮው አይደለም።

አዎ። አንተ ኪስ ውስጥ ነው። እሑድ ይዘኸው ና።